ስለ ጨፌና ስለ ረግረግ መሬት፤ በእርሱም ላይ ስለሚኖሩ የአገራችን ፍጥረቶች

(ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር)



በዓል ሲደርስ እናቶቻችን ቤቱን ጠርገው ለምለም ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ። በቅዳም ሥዑር ቀሳውስት ቄጠማ ለምእመናን ያድላሉ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያስረዋል። ቡና ሲፈላ፥ እንግዳ ሲመጣ፥ ሙሽራ ሲገባ ቄጠማ ከሌለ ደስታው የጎደለ ይመስለናል። ነገር ግን ይህ ቄጠማ ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ቄጠማ እንደ ጤፍ አይዘራም፤ እንደ ጎመንም በጓሮ አይተከልም። የሚበቅለው ውኃ በተኛበት፥ በሬ በሚሰጥምበት፥ ብዙ ሰው የማይረባ ማጥ ነው ብሎ በሚንቀው መሬት ላይ ነው። ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለዚህ ስለ ተናቀው መሬት ነው። መሬቱ ምን እንደሚሠራልን፥ በውስጡ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሚኖር፥ አገራችን እርሱን ለመጠበቅ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደች፥ ከእኛም ምን እንደሚጠበቅ በተራ አስረዳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ረግረግ ወይም ጨፌ የምንለው ዓመቱን ሙሉ፥ ወይም ከዓመቱ ውስጥ ጥቂት ወራት ውኃ የሚተኛበት ቦታ ነው። በሐይቅ ዳር ያለው የደንገልና የፊላ ዱር፥ በወንዝ ግራና ቀኝ ክረምት የሚያጥለቀልቀው ሜዳ፥ በኮረብታ ሥር ምንጭ የሚያረሰርሰው መስክ፥ በደጋ ራስ ላይ እግር የሚያሰጥመው ሣር፥ ሁሉም ከዚህ ወገን ይቆጠራል። የጣና ዳርቻና የፎገራ ሜዳ፥ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር፥ የኢሉባቦር ጨፌዎች፥ የጋምቤላ ረግረግ፥ በባሌ የሳነቴ አምባ ኩሬዎች ከታወቁት ጥቂቶቹ ናቸው። ስም ያልወጣላቸው፥ በካርታ ያልተጻፉ፥ በየመንደሩ ሥር የተኙ ትንንሽ ጨፌዎች ግን ከእነዚህ እጅግ ይበዛሉ። የእነርሱም ዕድል በእናንተ እጅ ነው።

የዚህን መሬት ሥራ ለልጆች ለማስረዳት ሩቅ ምሳሌ አያሻም። አንድ እንስራ ውኃ በድንጋይ ላይ ቢያፈስሱት ወዲያው ወርዶ ያልቃል። ያንኑ ውኃ በወፍራም ጋቢ ላይ ቢያፈስሱትና ጋቢውን በገመድ ላይ ቢሰቅሉት ግን ሲንጠባጠብ ይውላል። የተራቆተ ኮረብታ እንደ ድንጋዩ ነው፤ ጨፌ እንደ ጋቢው ነው። የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ጠጥቶ ይይዛል፤ በጥርና በየካቲት ምድር ሲደርቅ ጥቂት በጥቂቱ ለምንጩና ለወንዙ ይለቃል። ሁለተኛው ሥራው ማጥለል ነው። ጎርፍ ከእርሻ ጠርጎ ያመጣውን አፈር ቄጠማውና ደንገሉ እንደ ማጥለያ ያስቀሩታል፤ ውኃውም ጠርቶ ያልፋል። ሦስተኛው ሥራው መመገብ ነው። ዓሣ በዳርቻው ጫጩቱን ያሳድጋል፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብት በእርሱ ላይ ይሰማራል፤ ለቤት ክዳን፥ ለምንጣፍ፥ ለገመድ የሚሆነው ሁሉ ከእርሱ ይታጨዳል። በጣና ላይ የሚቀዘፈው ታንኳም የሚሠራው ከደንገል ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በተወለድሁበት መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ጨፌ ነበረ። መሬት ሲጠበን ጊዜ የመንደሩ ሰው መከረና በመካከሉ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ገደሉ አፈሰሰው። በቆሎ ተዘራበት፤ በዳርቻውም ባሕር ዛፍ ተተከለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት አዝመራው እጅግ ያማረ ስለ ነበረ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ግን አፈሩ እየነጣና እየጠነከረ ሄደ። እናቶቻችን የሚቀዱበት ምንጭም በበጋ መድከም ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ደረቀ። እኅቶቻችን እንስራ አዝለው ወደ ቆላው ወንዝ ወርደው መመለስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ሆነባቸው፤ ከእነርሱም ትምህርታቸውን የተዉ አሉ። ማንም ክፉ አላሰበም። ጥፋቱ የመጣው ካለማወቅ ነው። ቦዩ ሲቆፈር ዶማ ይዘው ከረዱት ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁና ይህን የምናገረው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ መሬት ውስጥ ስለሚኖሩት ፍጥረቶች ጥቂት እንናገር። አገራችን ደጋዋ በቆላ እንደ ደሴት ስለ ተከበበ በሌላው ዓለም የማይገኙ አራዊት፥ አዕዋፍና ዕፀዋት ያሉባት ናት። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን፥ የደጋ አጋዘንንም ሁሉ ሰው ያውቃቸዋል። ከጨፌ ጋር ሕይወታቸው የተሳሰረውን ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለባት ዝይ የምትኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ጎጆዋንም የምትሠራው በወንዝና በጨፌ ዳር ባለው ሣር ውስጥ ነው። ጨፌው ቢደርቅ የምትሰደድበት ሌላ አገር የላትም።

በጣናም ላቤዎባርቡስ ከሚባለው የዓሣ ወገን ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ እነዚህም በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው በጠራ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ግልገሎቻቸውም ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። በ1986 በሞተር ጀልባና በትልቅ መረብ ማጥመድ ከተጀመረ ወዲህ ዓሦቹ ወደ ወንዝ በሚወጡበት ወራት በወንዙ አፍ ላይ መረብ ስለ ተዘረጋባቸው ቁጥራቸው እጅግ ቀነሰ። ነፍሰ ጡር ላም የሚያርድ ገበሬ ነገ ወተት አያገኝም፤ የወንዙንም አፍ የሚዘጋ ዓሣ አጥማጅ እንዲሁ ነው።

ፍጥረት እርስ በርሱ እንዴት እንደ ተሳሰረ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ በስምጥ ሸለቆ አለ። ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው፥ ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ይፈለፍል ነበር፤ ዓሣ ለማጥመድ ግን በአጠገቡ ወዳለው ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይበር ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ለጎጆው ሰላም ይሰጠዋል፤ ምግብ ግን አይሰጠውም። ወደ አቢጃታ የሚገባው ውኃ በላይኛው አገር ለመስኖ ስለ ተወሰደ፥ ከራሱም ከሐይቁ ሶዳ ለማውጣት ውኃው ስለ ተቀዳ አቢጃታ ከዳርቻው እየሸሸ ሄደ፤ ዓሣውም መነመነ። ስለዚህ በሻላ ደሴት ላይ ማንም እጁን ሳያነሣባት ወፊቱ ማዕዷን አጣች። አንዱን ቦታ አጥሮ ሌላውን መተው እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

የሐሮማያም ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው ሕዝብ ውኃ ይሰጥ ነበር፤ በዳርቻውም ዓሣ ይጠመድ ነበር። ነገር ግን ጫትና አትክልት ለማጠጣት በብዙ ሞተር ተሳበ፤ ከተማውም ጠጣው፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የወረደውም ደለል ሆዱን ሞላው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈጽሞ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ላይ ከብት ተሰማራበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝናብ ሲበረታና በተፋሰሱ ላይ የእርከንና የተክል ሥራ ሲሠራ ውኃው ተመልሶ ታይቷል። ይህም ሁለት ነገር ያስተምረናል፤ ሐይቅ የሚያህል ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል፥ የጠፋውም በድካም አንዳንድ ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል።

በጣና ላይ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ከደቡብ አሜሪካ የወጣውና በእኛ አገር እምቦጭ የተባለው አረም በ1960ዎቹ በቆቃና በአዋሽ ታይቶ ነበር፤ በ2011 ደግሞ በጣና ላይ ታየ። አበባው ያማረ ነው፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። በውኃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ብርሃንን ይከለክላል፤ ታንኳ አያሳልፍም፤ መረብ ያጠፋል፤ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይኖራል። በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ መኪናም ተሰማርቶበታል። ነገር ግን ከእርሻው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፥ ከከተማውም የሚፈስሰው እድፍ ምግቡ ስለሆነ፥ እነዚህ ካልቆሙ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል። ዳርቻውን እንደ ማጥለያ ይጠብቅ የነበረው ደንገል በተመነጠረበት ቦታ እምቦጩ ባዶ ቤት እንዳገኘ እንግዳ ሆኗል።

ይህን ሁሉ በማየት መንግሥት ምን አደረገ? የአገራችን መንገድ መጀመሪያ ቦታ ለይቶ መከለል ነበር። በ1960ዎቹ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ተመሠረቱ። የሰሜን ተራሮች በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በማነሳቸው፥ እርሻውና መንደሩም በመስፋቱ በ1996 ከአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከብዙ ድካም በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በ1976 የአገሩን የእህልና የዕፀዋት ዘር የሚያከማችና የሚጠብቅ ድርጅት ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። በ1994 ኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወትን የዓለም ስምምነት ተቀበለች። በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ ደግሞም አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በ1997 የአካባቢ ፖሊሲ፥ በ2007 የዱር እንስሳት አዋጅ ወጣ። በ2015 ጣናና ዙሪያው፥ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በ2023ም የባሌ ተራሮች ፓርክ የዓለም ቅርስ ሆነ።

ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጉድለቱን መሸሸግ አይገባም። ሕጉ ለተራራውና ለደኑ አጥር ሲሠራ ጨፌውን ብዙ ጊዜ ረስቶታል። ከእርሻ ሹም ፊት ጨፌ ባዶ መሬት ነው፤ ከደን ሹም ፊት ዛፍ የሌለበት ነው፤ ከውኃ ሹምም ፊት ሐይቅም ወንዝም አይደለም። እንዲህ እያለ ባለቤት ያጣል። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። በብዙ ስፍራ ፓርክ ሲከለል ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ የግጦሹንና የማገዶውን ቦታ በአንድ ቀን ተነጠቀ። ስለዚህ በ1991 መንግሥት ሲለወጥና ዘበኛው ሲበተን፥ በየፓርኩ ያለው ቤት ፈረሰ፤ አራዊቱም ታደነ። ሰው የእኔ ነው ያላለውን ነገር በዘበኛ ብቻ መጠበቅ እንደማይቻል ያን ጊዜ ታየ።

አሁን ግን ሽማግሎች ሆይ፥ ይህን ጉድለት የሚፈውስ ምሳሌ ከውጭ አገር ለማምጣት አንገደድም፤ ከራሳችን አገር አለልን። በመንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ አምባ አለ፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚሆነው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። በውስጡ እርጥብ መስክና ረግረግ አለበት፤ ከእርሱም የሚነሡት ምንጮች እኩሌቶቹ ወደ ዓባይ፥ እኩሌቶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች ይህን አምባ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች ይመረጡ ነበር፤ በእነርሱም ትእዛዝ አምባው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተመክሮ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል።

ይህን ያደረጉት አባቶች ስለ ብዝኀ ሕይወት የተጻፈ መጽሐፍ አላነበቡም። የፈለጉት ለልጆቻቸው የቤት ክዳን ማቆየት ነበር። ነገር ግን ሣሩ ስለ ተጠበቀ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው አይጥ ተጠበቀ፤ አይጡም ስላለ ቀይ ቀበሮ ኖረ። በዓለም ሁሉ ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ እንደሆኑ ስናስብ፥ የመንዝ ገበሬ ሳያውቀው ለዓለም ምን እንዳቆየ እንረዳለን። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቄሮ ፈረሰ፤ አምባውም እንደ ልብ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ሕዝቡ ግን ጉዳቱን አይቶ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቅ ጀመረ፤ ከ2000 ወዲህም የክልሉ መንግሥት የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናለት። እንግዲህ ሥርዓቱ የአባቶች ነው፤ ማኅተሙ የመንግሥት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ይጸናል።

ሁለተኛው ምሳሌ በተለይ ለእናንተ ለመምህራን የሚሆን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ በርጋ የሚባል ሜዳ አለ፤ በክረምት የበርጋ ወንዝ ያጥለቀልቀዋል። በዚህ ሜዳ ሣር ውስጥ፥ ዝናብ በሚበረታበት ወራት፥ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፥ በክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ወፍ ትፈለፍላለች። ሊቃውንት ሳሮትሩራ አይሬሲ ይሏታል። በሣር መካከል እንደ አይጥ ትሮጣለች እንጂ እምብዛም ስለማትበር፥ በአጠገቧ የሚኖረው ሰው እንኳ አያያትም። በዓለም ላይ የምትፈለፍልባቸው የታወቁ ቦታዎች በኢትዮጵያ ደጋ ያሉ ጥቂት ጨፌዎችና፥ በ2018 በፎቶግራፍ የተረጋገጠው አንድ የደቡብ አፍሪካ ረግረግ ብቻ ናቸው። ለመዋለድ የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል።

የበርጋ ሕዝብ ከብቱን በዚያ ሜዳ ያሰማራል፤ ሣሩንም አጭዶ ይሸጣል። ሜዳውን ዝጉ ብሎ ማዘዝ ልጆቻቸውን አስርቡ ማለት ይሆን ነበር። ስለዚህ በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ መከረ። የመንደሩ ሰዎች የወፍ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ ወፊቱ እንቁላሏን በምትታቀፍባቸው ሳምንታት ከብት ከጨፌው እንዲርቅ ተስማሙ። በደቡብ አፍሪካ ያሉ የዚችው ወፍ ወዳጆችም ገንዘብ አዋጥተው በበርጋ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረዱ። አንዲት ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ለአንድ መንደር ልጆች ትምህርት ቤት አመጣች ማለት ነው። ሥራው ግን ገና አላለቀም፤ ከብቱ ብዙ ነው፤ ሜዳው ጠባብ ነው፤ ስምምነቱም በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፥ ረግረግ ወባ ያመጣልና ቢደርቅ አይሻልምን የሚል ነው። የወባ ትንኝ በእኛ አገር ከሁሉ ይልቅ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት በሌለው ውኃ፥ ይኸውም በከብት ኮቴ ጉድጓድ፥ ጭቃ በወጣበት ጉድባና በመስኖ ቦይ ውስጥ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ደጋ የተመራመሩ ሊቃውንት ደንገሉ ተመንጥሮ በታረሰው ረግረግ ዙሪያ ያለው አገር እንደሚሞቅ፥ የወባ ትንኝም በዚያ ባሉት ቤቶች እንደምትበዛ ደርሰውበታል። ስለዚህ ጉድባውን መድፈን፥ አጎበር መዘርጋትና ሐኪም ያዘዘውን መከተል ይገባል፤ ጨፌውን መግደል ግን መድኃኒት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ልጆቼ እየተራቡ ለወፍ ብዬ መሬት ልተውን? የሚል ገበሬ ቢኖር ማንም ሊቆጣው አይገባም። የኢሉባቦር ገበሬዎች ለዚህ መልስ የሚሆን ልማድ አላቸው። በዚያ አገር ጨፌ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ የራብ ወራት ሲደርስም በቆሎ ይዘራበታል። ጥልቅ ቦይ ቆፍረው ጨርሰው ያደረቁት መሬት ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሬ መስጠት ተወ። ከጨፌው እኩሌታውን ሳይነኩ የተዉ፥ ቦያቸውንም ያላጠለቁ፥ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ቦዩን ደፍነው ውኃው ተመልሶ እንዲተኛ ያደረጉ ግን ሣሩንም በቆሎውንም ምንጩንም አብረው ጠበቁ። ስለዚህ የምንለው አትረሱ አይደለም፤ የላሙን ወተት አልቡ እንጂ ላሚቱን አትረዱ ነው።

ከሌላ አገርም የሚጠቅመንን መስማት መልካም ነው። የዓባይ ጎረቤታችን ኡጋንዳ በ1995 ለረግረግ መሬት ብቻ የሚሆን ፖሊሲ አወጣች፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥቷም መንግሥት ሐይቅን፥ ወንዝንና ረግረግን ለሕዝቡ በአደራ እንዲይዝ ያዛል። ይህ አደራ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሆኖም በዚያም አገር ሕጉ ከወጣ ወዲህ የረግረጉ መሬት መቀነሱ አልቆመም፤ ሕዝቡ ሲበዛ፥ ከተማው ሲሰፋ፥ ሩዝ ሲዘራ ሕጉ ከወረቀት ላይ ወርዶ ቦዩን ሊያግድ አልቻለም። አደራ የሚጠበቀው አደራውን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ሲኖር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መምህራን ሆይ፥ ከእናንተ የሚጠበቀው ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። አንደኛ፥ ተማሪዎቻችሁን በወር አንድ ቀን ወደ ምንጩ ውሰዷቸው። አንድ እንስራ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይቁጠሩ፤ ቀኑንና ቁጥሩን በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው ያ ደብተር ከብዙ ንግግር ይልቅ ለሽማግሎች ይመሰክራል፤ ምንጩ እየደከመ ወይም እየበረታ መሆኑ በቁጥር ይታያልና። ሁለተኛ፥ በጨፌው ያሉትን አዕዋፍ፥ ዓሦችና ዕፀዋት አያቶቻቸው በሚጠሩበት ስም ልጆቹ ይጻፉ። ብዙ ወፍ ከመጥፋቱ አስቀድሞ ስሙ ይጠፋል፤ ስሙ የተረሳ ፍጥረትም ሲሞት የሚያለቅስለት የለም። ሦስተኛ፥ እምቦጭን የመሰለ እንግዳ አረም በኩሬ ወይም በወንዝ ላይ ቢታይ ሳይዘር እንዲነቀልና ለወረዳው እርሻ ቢሮ እንዲነገር ልጆቹን አስተምሯቸው። አበባው አምሮባቸው ወደ ሌላ ኩሬ እንዳይወስዱት ደግሞ አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ።

ሽማግሎች ሆይ፥ ከእናንተ የሚጠበቀው ከዚህ ይበልጣል። መምህር ይመጣል፥ ይዛወራልም፤ ሹምም እንዲሁ፤ እናንተ ግን ከመሬቱ ጋር ትኖራላችሁ። የጨፌው ድንበር እስከ የት እንደ ነበረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ሳይረሳ ለጎልማሶች አሳዩ። ከምንጭ ራስና ከጨፌ ዳር ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ምከሩ፤ ይህ ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ ብዙ ጠቅሞናል፤ ቦታው ግን ደረቁ ኮረብታ እንጂ ጨፌው አይደለም። ከጨፌው በላይ ያለው ዳገት እርከን እንዲሠራለት አድርጉ፤ ከላይ የሚወርደው አፈር ካልቆመ ጨፌው በደለል ይሞላልና። ከብት የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወራት፥ ሣር የሚታጨድበትን ቀን በማኅበር ወስኑ፤ ውሳኔውንም በጽሑፍ አድርጋችሁ በቀበሌው መዝገብ አስገቡት። የቃል ስምምነት በተናገሩት ሰዎች ዕድሜ ይወሰናል፤ የተጻፈው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በውሳኔውም ጊዜ ውኃ የሚቀዱትን እናቶች አስቀምጡ፤ የምንጩን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ንግግሬን ወደ መፈጸሙ ደርሻለሁ። በተወለድሁበት መንደር ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሎች ተሰብስበው ያንን እኛ የቆፈርነውን ቦይ በሦስት ቦታ በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት፤ በምንጩ ራስ ላይ የነበረውንም ባሕር ዛፍ ቆርጠው ለትምህርት ቤቱ ጣራ ማገር አደረጉት። ምንጩ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ምናልባትም አይሆንም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ፥ በቤታችን የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከገበያ የተገዛ አልነበረም፤ ከዚያው ከጨፌው የታጨደ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ አንዱን አንሥታ አሸተተችውና ዝም አለች። እኔም ዶማ ይዤ የቆምሁበትን ቀን አስቤ ዝም አልሁ።

በእናንተ መንደር ጨፌው ገና ያለ ከሆነ፥ እኛ የከፈልነውን ዋጋ ሳትከፍሉ ልትጠብቁት ትችላላችሁ። እኩሌታው የደረቀ ከሆነም ቀሪው እኩሌታ ዛሬ በእጃችሁ ነው።